ዳማ ማድ ቤቱን የበላ ጊዜ

እሱ፦ የዛሬው ወሬያችን ስለ ጭድ ነው። ጭድ፣ ገለባና አገዳ ለፈረስ መኖ ይሆናል ወይ?

እሷ፦ የአያትህን ፈረስ ሳታነሳ ከጨረስህ ምሳ በእኔ ነው።

እሱ፦ እንግዲያው ምሳሽ ተረፈልሽ። ወረኢሉ ነው፣ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። አያቴ ዳማ ፈረሱን ማድ ቤቱ ጥግ ያስረዋል። ማድ ቤቱ ደግሞ በጤፍ ጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። አንድ ቀን ማለዳ እናቴ እሳት ልታያይዝ ስትገባ፣ በማገሩ መካከል የፈረስ አፍንጫ ብቅ ብሎ ጠበቃት!

እሷ፦ ግድግዳውን በላው?

እሱ፦ ጭቃውን እየፈረፈረ ጭዱን ለቀመ። ከንፈሩ ላይ ጭቃ ደርቆ፣ ምንም እንዳላጠፋ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። አያቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰው ጭዱን ይከምራል፤ እኔ ለፈረሴ መርጌለታለሁ።»

እሷ፦ ተርቦ ነበራ! ምኑ ያስቃል?

እሱ፦ አልተራበም፤ ሥራ ፈትቶ ወፍሮ ነበር። ፈረስ ሲያኝክ ካልዋለ አይሆንለትም። ጭድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ አፉን ያስይዘዋል፣ አያወፍረውም።

እሷ፦ ቀኑን ሙሉ ጋሪ ለሚጎትት ፈረስ ግን ጭድ ብቻ መስጠት በደል ነው። በሬ አመስኩቶ ከጭድ የሚያወጣውን ጉልበት ፈረስ አያወጣም። የፈረስ ጭድ የሚብላላው ከጨጓራ አልፎ ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው፤ ቶሎም ያልፋል።

እሱ፦ እሱን መቼ ካድሁ? ለሠራተኛው ገብስና የባቄላ ገለባ ይጨመርለት። 200 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል፤ ሥራ የፈታው ግማሹን ጭድ ቢበላ ምን ይሆናል?

እሷ፦ ግማሹ ይበዛል። የስንዴ ጭድ ሸካራ ነው። ጥርሱ ያለቀ ፈረስ ሳያደቅቀው ይውጠዋል፣ ውኃ ካነሰው አንጀቱ ውስጥ ይቋጠራል። ከዚያ በኋላ ቁርጠት ነው፤ ፈረስ ደግሞ ማስታወክ አይችልም።

እሱ፦ የጤፉ ግን ለስላሳ ነው።

እሷ፦ የጤፉ ይሁንልህ። የሻገተውስ?

እሱ፦ የሻገተውማ አቧራው ሳንባውን ይጎዳዋል፤ አይቅረብለት።

እሷ፦ ግማሹ ግን ይበዛል።

እሱ፦ ዳማ እኮ ግድግዳ በልቶ ምንም አልሆነም!

እሷ፦ አገዳውን ረሳነው። ለመሆኑ ማድ ቤቱ እንዴት ሆነ?

እሱ፦ እናቴ ጆንያ ሰቀለችበት። ጆንያውንም በላው።