ወጨጫ ላይ፣ ከሰልፉ መጨረሻ

እሺ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ድምፄ ሻከር ካለባችሁ ጉንፋን ይዞኝ ነው። በጥቅምት ጠዋት ተራራ የወጣ ሰው ሌላ ምን ያገኛል? «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶቻችን ዝም ብለው አልነበረም። እኔ ግን አጥንት ይቅርና ቁርስም በወጉ ሳልበላ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ነው የወጣሁት።

ዛሬ ስለ ወጨጫ ነው የማወራችሁ። አየር ጤና ወይም ኮልፌ አካባቢ የምትኖሩ ሰዎች፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ያ ትልቅ ተራራ አለ አይደል? እሱ ነው። እዚህ ከተማ ተወልዶ፣ በየቀኑ እያየው አድጎ ስሙን የማያውቅ ሰው ሞልቷል። እንጦጦን ሁሉም ያውቃል። ወጨጫ ግን ከእንጦጦም ይበልጣል፣ 3385 ሜትር ነው። በምዕራብ በኩል ጎኑን የሸፈነው ደግሞ የመናገሻ ሱባ ደን ነው።

ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምን ዓይነት ጫማ ግዙ፣ ምን ያዙ የሚል ወሬ ዛሬ የለም። ማውራት የፈለግኩት ከሰልፍ መጨረሻ ስለ መሄድ ነው። ከታች እስከ ጫፍ፣ ከጫፍ እስከ ታች የመጨረሻዋ ሰው እኔ ነበርኩ።

የቡድን የተራራ ጉዞ እንዴት እንደሆነ ለማታውቁት፣ እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኮስተር ይጠብቃችኋል። አሥራ ሁለት የተባለው አሥራ ሁለት ተኩል ነው፣ እሱ መቼም አይነገርም። በሰበታ በኩል ወጥተን፣ ከአስፋልቱ ተገንጥለን፣ በኮረኮንች እየተናጥን ደኑ በር ደረስን። እዚያ ይከፈላል፣ ጠባቂ ይመደባል። ከፊት መሪያችን፣ ወጣት ነው፣ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም። ከኋላ የደኑ ጠባቂ። መሃል ላይ እኛ።

እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ደን ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ባሕር ዛፍ ነው። እሱ እኮ በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ከተማዋ ማገዶ ጨርሳ ስትቸገር ደርሶላታል፣ አልክደውም፤ እኔም በእሱ ጭስ ነው ያደግኩት። ግን ሱባ ስትገቡ ሌላ ነገር ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲል ደግሞ ኮሶው። ከቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት ይንጠለጠላል። ሥሩ ደግሞ ባዶ አይደለም፣ ቁጥቋጦ ነው፣ ሐረግ ነው፣ ቀጋ ነው፣ ልብስ የሚይዝ፣ እጅ የሚቧጭር ነገር ሁሉ። አንዱን ጥድ ከአንዲት ልጅ ጋር ሆነን ልናቅፈው ሞክረን እጃችን አልተገናኘም።

መሪያችን መነሻው ላይ ሰብስቦ ታሪኩን ነገረን። እንደሚባለው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥዱን ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እዚህ አስተከሉ። ሰዉ «ዋው» አለ፣ ፎቶ ተነሳ። እኔ የገረመኝ መተከሉ አይደለም። ችግኝ በየክረምቱ እንተክላለን፣ በቴሌቪዥን እናየዋለን። ይሄን ሁሉ ዘመን፣ ማገዶ የሚፈልግ ሰው፣ ማሳ የሚፈልግ ሰው፣ ጣውላ የሚፈልግ ሰው ባለበት አገር ማን ጠበቀው? ጠባቂውን ጠየቅኳቸው። «መጥረቢያ በሌሊት ነው የሚመጣው» አሉኝ፣ እና ዝም አሉ።

ዳገቱ ተጀመረ። እኛ እዚህ ከተማ ስንኖር ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆንን ከፍታ አይበግረንም እንላለን። ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው እንሻል ይሆናል። ግን ከ3300 በላይ ስትወጡ አየሩ ባሕር ወለል ላይ ካለው በሲሶ ያህል የሳሳ ነው። ሲሶ! በአፍንጫ የሳባችሁት ሳይበቃችሁ አፋችሁ ይከፈታል። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነበር የሚመታው። መሬቱ ደግሞ ከክረምቱ የተረፈ ጭቃ አለው፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ የሚያሟልጭ።

እና ቀረሁ። መጀመሪያ በአሥር እርምጃ፣ ቀጥሎ በአንድ ጠመዝማዛ፣ ቀጥሎ ድምፃቸው ብቻ ይሰማኝ ጀመር።

አሁን የዕረፍቱን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ንዴቴ እዚህ ላይ ነው። ፈጣኖቹ ሜዳ ነገር ያገኙና ይቀመጣሉ። ውሃ ይጠጣሉ፣ ሙዝ ይልጣሉ፣ ቆሎ ይዘግናሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ሩብ ሰዓት። ከዚያ እኔ እያለከለክኩ ብቅ እላለሁ። «መጣች! ጎበዝ! በሉ እንቀጥል!» ተነስተው አቧራቸውን ያራግፋሉ። ገባችሁ? እነሱ የሚያርፉት እኔን እየጠበቁ ነው፣ እኔ ስደርስ ዕረፍቱ አለቀ። ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው አያርፍም፣ የማያስፈልገው ሰው ግን ሩብ ሰዓት ተቀምጧል። እኔ ደግሞ፣ የሚገርመው፣ «ይቅርታ አዘገየኋችሁ» እያልኩ ነው የምደርሰው። በየፌርማታው ይቅርታ! ምን አጠፋሁ? ግን እዚህ ከተማ ያደገ ሰው መጨረሻ መሆን ያስፈራዋል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሞልቶ የሚሄደው መጨረሻ ላይ በቆመው ነው፣ ቀበሌ ሄዳችሁ «ነገ ተመለሱ» የሚባለው መጨረሻ ላይ ላለው ነው። ሰውነታችን ለምዶታል፣ ወደ ፊት መግፋት።

ጠባቂው ግን አብረውኝ ናቸው። ስድሳውን ያለፉ ይመስለኛል። እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ፣ እጃቸው ላይ ዱላ። ስቆም ይቆማሉ። ስቆም ግን አያዩኝም። ይሄን ለማስተዋል ጊዜ ወስዶብኛል። በቆምኩ ቁጥር እሳቸው «ድንጋይ ገባብኝ» ይሉና ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ገልብጠው ዱላቸው ላይ ቸብ ቸብ ያደርጉታል፣ ያጠልቁታል። አንድም ጊዜ ድንጋይ ሲወድቅ አላየሁም። መጀመሪያ አዘንኩላቸው፣ «ጋሼ፣ ካልሲ ቢያደርጉ» ልል ምንም አልቀረኝም። በኋላ ነው የገባኝ፤ እሳቸው አይደክማቸውም፣ ድንጋይም የለም። እኔ ለማረፌ ምክንያት እየፈለጉልኝ ነው።

እንዳላፍር። ምንም ሳይሉኝ።

ደግሞ «ስንት ቀረን?» ብዬ የጠየቅኳቸው ጊዜ በከንፈራቸው ወደ ላይ ጠቆም አድርገው «እዚችው ናት፣ አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። የአገራችንን «እዚችው» ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም።

መጨረሻ መሆን የሚያሳየው ነገርም አለ። ከፊት ካሉት አንዱ ስፒከር ይዞ ዘፈን ከፍቷል (ይሄን ነገር ማን ይከልክልልን? ደን ውስጥ ጭፈራ ምን ይሉታል?) እና የፊቶቹ ባለፉበት ሁሉ ደኑ ጭጭ ይላል። እነሱ ሸንተረሩን ተሻግረው ድምፁ ሲጠፋ ግን መልሶ ይነቃል። መጀመሪያ አንዲት ወፍ። ከዚያ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ። ጠባቂው ክንዴን ነካ አድርገው ቀና አሉ፣ ጉሬዛዎች! ከአናታችን በላይ ዝግባው ላይ ቅጠል እየበሉ። ያ ጥቁርና ነጭ ካባቸው፣ ነጩ ጭራቸው። ከእናቱ ደረት ላይ የተለጠፈው ግልገል ግን ጥቁር የሚባል ነገር የለበትም፣ እንዳለ ነጭ ነው። ሲወለዱ እንዲያ ናቸው፣ ጥቁሩ በኋላ ነው የሚመጣው። ሌላው ያስደነቀኝ እጃቸው ነው፤ አውራ ጣት የላቸውም ማለት ይቻላል፣ በአራቱ ብቻ ቅርንጫፉን አንጠልጥለው ይወረወራሉ። አንዱ ቁጭ ብሎ አየን። እኛም አየነው። ለረጅም ጊዜ። ያን ጊዜ ለጠባቂው ድንጋይ አልገባባቸውም።

አንዲት አረንጓዴ ወፍም አይተናል፣ ተቀምጣ ቅጠሉ ውስጥ የማትለይ፣ ስትበር ግን ክንፏ ደም የመሰለ ቀይ። በኋላ ቤት ገብቼ ሳነብ ያ ቀለም መዳብ ያለበት ነው አሉ። ላባ ውስጥ መዳብ! ከፊት የሄዱት ሃያ ምናምን ሰዎች አንዳቸውም አላዩዋትም።

ነብርም አለ ይላሉ ጋሼ። «እሱ ያየናል፣ እኛ አናየውም» ሲሉኝ እርምጃዬ ትንሽ የተሻሻለ ይመስለኛል።

ኮሶው ጋ ስንደርስ ግንዱን ነካሁት። ቅርፊቱ ቀላ ያለ ነው፣ እየተላጠ በስስ በስሱ ይነሳል፣ እጅ ላይ ይፈረፈራል። እናቶቻችን አበባውን ወቅጠው ለኮሶ ትል ያጠጡበት የነበረው ዛፍ ይሄ ነው። ጠጥተው የሚያውቁ ሰዎች ስሙ ሲነሳ እንኳ ፊታቸው ይጨማደዳል። ዛፉ ግን እንዴት ያምራል መሰላችሁ፣ ያን የመሰለ ምሬት ያለው አይመስልም።

ስለ ጫፉ ብዙ የምለው የለኝም። ትልልቁ ዛፍ እያጠረ ይሄድና አስታና አምጃ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ብቻ ይሆናሉ፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። በምሥራቅ በኩል አዲስ አበባ ትታያለች፣ ግማሿ በጭጋግ፣ ምናልባትም በእኛው ጭስ። ሰዉ «የእኛ ሰፈር የቱ ጋ ነው» እያለ ጣቱን ይቀስራል። እኔ ስደርስ የጋራ ፎቶው ተነስቶ ነበር። ለእኔ ሲባል ተደገመ፣ እሱን አመሰግናለሁ። ከዚያ፣ ገመታችሁት፣ «በሉ እንውረድ!»

ቁልቁለቱ ይባስ ነው። ዳገት ሳንባ ይጠይቃል፣ ቁልቁለት ጉልበት ነው የሚበላው። አንድ ቦታ ላይ አዳልጦኝ የያዝኩት ቅጠል ሳማ ሆኖ መዳፌ እስከ ማታ ሲያቃጥለኝ ነበር። ጋሼ «አትከኪው» አሉ፣ ሌላ መድኃኒት አልነበራቸውም። በር ላይ ስንሰነባበት በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው፤ ጉርሻ ነገር ልሰጣቸው ስል እንደ ደንቡ ሁለት ጊዜ እንቢ ብለው በሦስተኛው ተቀበሉኝ።

ሰበታ ላይ ቆመን ሽሮ ስንበላ መሪያችንን ያዝኩት። «ለምን ዘገምተኞቹን ከፊት አታደርግም?» አልኩት። «እንዴ፣ እንዲያማ ከሆነ ማታ ነው የምንደርሰው» አለ። «አሁንስ? ጠብቃችሁኝ አይደል የደረሳችሁት? ያው እኔ በደረስኩበት ሰዓት ነው ሁላችሁም የደረሳችሁት» አልኩት። ሹካውን ይዞ ትንሽ አሰበ። አጠገቡ የነበረው ባለስፒከሩ ልጅ «እውነቷን ነው» አለ፣ ስፒከሩን ይቅር ልለው ምንም አልቀረኝም።

ከኋላ መሄዱን እንዳልጠላሁት ግን ይታወቅልኝ። ጉሬዛዎቹን ለማየት ከሆነ መጨረሻ አድርጉኝ። ዕረፍቴን ብቻ ስጡኝ። ሰው ከደረሰ በኋላ ሩብ ሰዓቱ እንደገና ይቆጠር፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም።

ትናንት መሪያችን ቴሌግራም ላይ የሚቀጥለውን ጉዞ አውጥቷል፣ የረር ተራራ ነው። ከሥሩ «ዕረፍቱ የሚቆጠረው ከማን ጀምሮ ነው?» ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን የሳቅ ምልክት ብቻ ነው የላከልኝ። ክፍያውን ግን ልኬያለሁ። በሉ ደህና ሁኑልኝ።