ቁጥሩ ከየት መጣ? ጠጥቶ በማሽከርከር ክስ ላይ ማስረጃን መፈተን

አስካለ፦ ከጣርማበር ቁልቁለት እንጀምር። ሌሊት ደብረ ሲና መግቢያ ላይ መኪና ተገልብጧል እንበል። ሹፌሩ አረቄ አረቄ ይሸታል፤ ደብረ ብርሃን ተወስዶ ደሙ የተቀዳው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ጠበቃው ከየት ይነሳ?

ወንድወሰን፦ ከሰዓቱ። አደጋው መቼ ደረሰ፣ መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው፣ ደሙስ መቼ ተቀዳ? ውጤቱ በሊትር ደም 0.50 ግራም አልኮል ነው እንበል። ዐቃቤ ሕግ በአደጋው ሰዓት ስንት እንደነበር ወደ ኋላ ያሰላል፤ ሰውነት በሰዓት 0.15 ያስወግዳል ብሎ 0.95 ያደርሰዋል። ግን አንዱ ሰው 0.10፣ ሌላው 0.20 ያስወግዳል። ያኔ መልሱ ከ0.80 እስከ 1.10 ይዋልላል።

አስካለ፦ መለኪያዋን ጨልጦ ወዲያው መሪ ከጨበጠስ?

ወንድወሰን፦ ስሌቱ ከነአካቴው ይፈርሳል። አልኮል ደም ውስጥ ጣሪያ እስኪነካ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ በልቶ ከሆነ ደግሞ ይዘገያል። በአደጋው ሰዓት ገና እየወጣ ነበር ማለት ነው።

አስካለ፦ ደሙ ራሱስ?

ወንድወሰን፦ ብዙ ጠበቃ የሚያልፈው ይህን ነው፤ ያሳዝነኛል። ክንዱ የተጠረገው በአልኮል ነው? ብልቃጡ ደሙ እንዳይብላላ የሚጨመረው ሶዲየም ፍሎራይድ አለው? ከሌለውና ፍሪጅም ካልገባ፣ ተህዋስ ስኳሩን እንደ ጠላ ጥንስስ አብላልቶ አልኮል ሊያወጣ ይችላል። የተለካው ሴረም፣ ማለትም ደሙ ረግቶ የሚለየው ፈሳሽ፣ ከሆነም ከሙሉ ደም 15 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ማን ለማን እንዳስረከበም በፊርማ ይታይ።

አስካለ፦ መንገድ ላይ በትንፋሽ ሲለካ ደግሞ 15 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው፤ አለዚያ መሣሪያው አፍ ውስጥ የቀረውን አረቄ ያነባል። ካገሳው ወይም ካስመለሰው ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። የካሊብሬሽን ወረቀቱን፣ ማለትም መሣሪያው በትክክል መለካቱ የተፈተሸበትን፣ ጠይቁ። የታኅሣሥ ውርጭ ከሆነም አምራቹ የጻፈውን የሙቀት ወሰን አንብቡ።

ወንድወሰን፦ «ይንገዳገድ ነበር» የሚል ምስክርም ይመጣል። ከተገለበጠ መኪና የወጣ ሰው ጭንቅላቱን ተመትቶም ይንገዳገዳል። ሽታም መጠጣቱን እንጂ መጠኑን አይናገርም።

አስካለ፦ ይህ ሁሉ መቼ ይነሳ?

ወንድወሰን፦ በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ፣ የዐቃቤ ሕግን ምስክሮች ስትጠይቁ፤ ለመከላከያ አታቆዩት። ክሱ ካልተረጋገጠ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 141 በነፃ ይሰናበታል፤ ከተረጋገጠ በ142 ተከላከል ይባላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(4) ማስረጃውን የማየት መብት ስላለው፣ የላቦራቶሪውን መዝገብ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አስካለ፦ «ሰክሬ አላወቅሁም» የሚሉስ?

ወንድወሰን፦ በፍጹም! ሰው ሞቶ ከሆነ ያ ቃል ራሱ ራሱን አስክሮ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ወደሚቀጣው ወንጀል ሕጉ 543(3) ይወስደዋል፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።