ዎብሊ ነው ሼኪ?

እሷ፦ እሺ፣ ከሐዋሳ ነን። የዛሬው ርዕሳችን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፣ ዎብሊ እና ሼኪ። ሁለቱም አልረጋ ስላለ ነገር ነው የሚነገሩት። ልዩነታቸው...

እሱ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ የአሞራ ገደሉን ላውራ።

እሷ፦ ጀመረ!

እሱ፦ ኧረ ስሚኝ። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ልንበላ ሄድን፣ ቦታ ጠፋ፣ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ጠረጴዛ ደረሰችን። ክርኔን ሳሳርፍ ወደኔ ዘመም ትላለች፣ ሳነሳ ወደ ጓደኛዬ። አስተናጋጁ ካርቶን አጥፎ እግሯ ስር ወተፈላት፣ በሌላ በኩል ጀመረች። ከዛ የዓሣ ሾርባው መጣ፣ የሚያቃጥል፣ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት፣ እና...

እሷ፦ ሱሪህ ላይ።

እሱ፦ አዲሱ ሱሪዬ ላይ!

እሷ፦ ባለፈውም አዲስ ነበር እኮ። ይሄ ሱሪ አያረጅም?

እሱ፦ ተይኝ። ያቺ ጠረጴዛ ናት እንግዲህ ዎብሊ። እግሯ እኩል ስላልሆነ ወዲህ ወዲያ ትላለች። ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ አይተሻል? መሬቱ ጎርባጣ ቢሆንም ሦስቱም እግሮች መሬት ይነካሉ፣ እንዲህ አይጫወትብሽም። አራተኛው እግር ነው ጣጣው።

እሷ፦ ሼኪስ?

እሱ፦ ከሾርባው በኋላ የኔ እጅ! መንቀጥቀጥ ነው፣ ትንንሽና ፈጣን። የፈራ ሰው ድምፅ፣ በእጅ የተቀረጸ ቪዲዮ። የማያሳምን ማስረጃም ሼኪ ይባላል። ኳስ ላይም ትሰሚዋለሽ፣ ተከላካዩ ሲደናበር ሼኪ ነው ይሉታል።

እሷ፦ የሚነቃነቅ የልጅ ጥርስስ?

እሱ፦ ዎብሊ። ጥርስ አይንቀጠቀጥማ።

እሷ፦ እሺ ባጃጅ? ሦስት ጎማ ነው ያለው፣ በአንተ አባባል ዎብሊ አይሆንም ማለት ነው።

እሱ፦ ሼኪ ነዋ! ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ጉልበትሽ ድረስ ያንቀጠቅጥሻል።

እሷ፦ ሲታጠፍስ? ባለፈው ከመናኸሪያ ስመጣ በአንድ ጎን ልንተኛ ነበር፣ አንተ ደግሞ ሦስት እግር ምናምን ትለኛለህ።

እሱ፦ እሱ የሾፌሩ ችግር ነው።

እሷ፦ አልስማማም። ባጃጅ ሁለቱንም ነው።

እሱ፦ እሺ፣ ኩርባ ላይ ብቻ ዎብሊ ይሁንልሽ።

እሷ፦ ጉድጓድ ሲገባስ?

እሱ፦ እሱን ባጃጅ የሚነዳ አድማጭ ካለ ይንገረን።