ሚስተር ቢን ለምን እርዳታ አይጠይቅም?

እሷ፦ ሰላም ሰላም! ዛሬ የቆዩ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎችን ነው የምናነሳው፤ እንደውም አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው የምንቆየው። ሚስተር ቢን። ገና ስሙን ስጠራው ሳቄ መጣ።

እሱ፦ እኔ ደግሞ ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ እንደገና አየሁት። 15 ክፍል ብቻ እኮ ነው! እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1990 ጥር 1 ቀን እንግሊዝ ውስጥ ጀመረ፣ 1995 ላይ አለቀ። በልጅነቴ መቶ ክፍል ያለው ነበር የሚመስለኝ።

እሷ፦ እየደጋገምን ስላየነው ነዋ። በቪዲዮ ካሴት፣ በኋላ ደግሞ በሲዲ፣ አሁን በስልክ። ትርጉም አያስፈልገውም። አያትም ልጅም እኩል ይስቃሉ። እና ከየትኛው ትዕይንት እንጀምር?

እሱ፦ ከምግብ ቤቱ። ሌላ አማራጭ የለም።

እሷ፦ ኧረ እኔም እሱን ልል ነበር! ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ልደቱ ነው፣ ምግብ ቤት ብቻውን ይገባል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ለራሱ የልደት ካርድ ይጽፍና ፖስታ ውስጥ ይከተዋል። ትንሽ ቆይቶ ሰው የላከለት ይመስል ከፍቶት ይደነቃል። እኔ እዚህ ጋ ሁሌም አንጀቴን ይበላኛል።

እሱ፦ ከዚያ ገንዘቡን ይቆጥራል፣ ዝርዝሩን ያያል፣ አቅሙ የፈቀደውን ያዛል። ስቴክ ታርታር። ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ሲመጣ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ! እኛ ቤት ችግር የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ «ምን ሆኖ ነው የማይበላው?» አለ። አክስቴ በቁም ነገር «ምናለ ትንሽ ሚጥሚጣ ቢጠይቃቸው» ብላለች።

እሷ፦ (ሳቅ) እውነቷን ነው! ለእኛ እኮ ክትፎ ነው የቀረበለት። ግን አየህ፣ ሥጋውን የሚወድም የሚጠላም ሰው እኩል የሚስቀው ቀልዱ ሥጋው ላይ ስላልሆነ ነው። ቀልዱ ያለው አስተናጋጁ መጥቶ «እንዴት ነው?» ሲለው ነው። አፉ ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም አቅቶት ፈገግ ብሎ «እምምም» ይላል። «ይቅርታ፣ ይሄ አይሆነኝም» ማለት አይችልም። ይሄ እኮ እኛ ነን! ሰው ቤት ሄደህ የማትወደው ነገር ሲቀርብልህ፣ «በሞቴ አንድ ብቻ» እየተባልክ…

እሱ፦ ጉርሻው ደግሞ የጭንቅላትህን ያህል ሆኖ።

እሷ፦ አዎ! እና መደበቅ ይጀምራል። አንዱን የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ፣ አንዱን ስኳሩ ውስጥ፣ አንዱን ዳቦውን ቦርቡሮ መሀሉ ይከታል። ከሳህን ሥር ይደብቃል። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳ ውስጥ ሳይቀር! ሙዚቃ ሊጫወትለት የመጣው ቫዮሊነኛ ሱሪ ውስጥ እኮ ነው የከተተው።

እሱ፦ እኔ ግን ከመደበቁ የበለጠ መጨረሻውን ነው የምወደው። አስተናጋጁን ይጠልፈዋል፣ ሰውዬው ይወድቃል፣ ከዚያ ቢን «አየህ ምን እንዳደረግክ» ብሎ ሥጋው ሁሉ የተበተነው በመውደቁ ምክንያት ያስመስላል። ተገላገለ! እነሱም ይቅርታ ጠይቀው፣ ሌላ ንጹህ ጠረጴዛ አዘጋጅተው፣ በክብር ያስቀምጡታል። እና አዲስ ሳህን ያመጡለታል። ስቴክ ታርታር። እንደገና።

እሷ፦ ፊቱ!

እሱ፦ ፊቱ። ቢንን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን ኦክስፎርድ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው ያጠናው፤ ሥራው ላይ ምህንድስናው በደንብ ያስታውቃል። ሁሉም ነገር እንደ ማሽን ነው የተገጣጠመው። ችግር ይመጣል፣ ቢን ማንም የማያስበው መፍትሔ ያገኛል፣ መፍትሔው ሌላ ችግር ይወልዳል። ለምሳሌ ከቅናሽ ሽያጭ ዕቃ ገዝቶ ሲመለስ ያለውን አስታውሺ። ትንሿ አረንጓዴ ሚኒ መኪና በዕቃ ሞልታ ለራሱ መቀመጫ የለውም። ሌላ ሰው ቢሆን ታክሲ ይጠራል ወይ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። እሱ ጣሪያው ላይ ወንበር አስሮ፣ በገመድና በመወልወያ እንጨት መኪናውን ከላይ ሆኖ ይነዳታል።

እሷ፦ እና ቁልቁለት ይመጣል።

እሱ፦ ቁልቁለት ይመጣል! እኔ ሰሞኑን ሳየው የገባኝ ምን መሰለሽ፣ ይህ ሰው በ15ቱም ክፍል ውስጥ ለእርዳታ ብሎ የሰው በር አያንኳኳም ማለት ይቻላል። ምግብ ቤት ውስጥ አይጠይቅም፣ ፈተና ላይ አይጠይቅም…

እሷ፦ ፈተና ላይማ ኮርጆ ነው! (ሳቅ) የመጀመሪያው ክፍል። ትሪጎኖሜትሪ አጥንቶ መጥቶ ከፖስታው ካልኩለስ ያወጣል። አጠገቡ ካለው ልጅ ለመኮረጅ ያልሞከረው ነገር የለም። ሰዓቱ ሲያልቅ ፈታኙ ትሪጎኖሜትሪ የሠሩና ካልኩለስ የሠሩ ወረቀታቸውን ለየብቻ እንዲያስገቡ ይናገራል። ቢን ፖስታውን ሲያይ ያጠናው ፈተና እዚያው ውስጥ ቁጭ ብሏል።

እሱ፦ ለካ ፖስታውን እስከ መጨረሻው አላየውም። አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ያልፍ ነበር።

እሷ፦ ያው ክፍል ላይ ቤተ ክርስቲያንም አለ። እኔ ለሳቅ አንደኛ የማደርገው እሱን ነው፣ ምክንያቱም በዝምታ ቦታ ላይ የሚመጣ ሳቅ የባሰ ነው። መጀመሪያ ያስነጥሰዋል፣ መሀረብ የለውም። ከዚያ ከረሜላ ደብቆ ሊበላ ይሞክራል። ከዚያ ደግሞ እንቅልፍ! ተቀምጦ ይተኛና ቀስ እያለ ወደፊት ይታጠፋል፣ ይታጠፋል፣ በቃ ግንባሩ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። ሌሊት ቆመህ ቅዳሴ ላይ እንቅልፍ ታግለህ የምታውቅ ከሆነ ይሄ ትዕይንት የራስህ ታሪክ ነው።

እሱ፦ መዝሙሩስ? ግጥሙን አያውቀውም፣ መጽሐፍም የለውም። ስለዚህ ዝም ብሎ ያጉተመትምና «ሃሌ ሉያ» የሚለው ቦታ ሲደርስ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ይጮሃል። የሚያውቃት ቃል እሷ ብቻ ናት። ያችን ግን በሙሉ ልቡ!

እሷ፦ ይሄ እኮ ቋንቋ የማይፈልገው በአጋጣሚ አይደለም። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት፣ 1987 ላይ፣ ሞንትሪያል ካናዳ የቀልድ ፌስቲቫል ነበር። አትኪንሰን በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ መድረክ ላይ መውጣት ሲችል ከፈረንሳይኛዎቹ ጋር መድቡኝ አለ። ሥራው ደግሞ አንድም የፈረንሳይኛ ቃል አልነበረውም። ቋንቋውን የማይጋራው ሰው ይስቅ እንደሆነ ማየት ነው የፈለገው። ሳቁ።

እሱ፦ የኛ አያቶችም የሳቁት ለዚህ ነው በይኛ።

እሷ፦ እንደዚያ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ቢን ክፉ ነው ወይስ የዋህ?

እሱ፦ ክፉ ነው። በፍቅር ነው የምለው፣ ግን ክፉ ነው። ያችን ባለ ሦስት ጎማ ሰማያዊ መኪና ስንት ጊዜ ገለበጣት? ሹፌሩ ምን አደረገው? ደግሞ የአዲስ ዓመቱ ግብዣ አለ። ሁለት ጓደኞች ቤቱ ጠራ። የሚበላ ሲያልቅ ከውጭ የዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ነገር ነክሮ አቀረበላቸው። የሚጠጣ ሲያልቅ ኮምጣጤ በስኳር! እንግዳ እንዲህ ይደረጋል?

እሷ፦ እንግዶቹስ? እንዲመሽላቸው ብለው የግድግዳ ሰዓቱን ወደፊት አዙረው፣ ዓመቱን በውሸት አስገብተው፣ አቅፈው ተሰናብተውት ሌላ ግብዣ ሄዱ እኮ። እሱም አምኖ ሊተኛ ሲል ነው ትክክለኛው እኩለ ሌሊት የሚደርሰው። አይ፣ እኔ የዋህ ነው ነው የምለው። ልጅ ነው። ልጅ ክፉ ሊሆን ይችላል፣ ግን አስቦበት አይደለም።

እሱ፦ የሴት ጓደኛውን ኢርማንስ ምን ትያታለሽ?

እሷ፦ እ… እሷ ላይ ምንም ልል አልችልም። የገናው ክፍል ማለትህ ነው፣ 1992። ጭንቅላቱ ቱርክ ዶሮው ውስጥ ሲገባ ሁሉም ያስታውሳል፤ እኔ ግን ሁሌም ትዝ የምትለኝ ኢርማ ናት። ጌጣጌጥ ቤት መስኮት ላይ ቀለበት ታሳየዋለች። እሱ ደግሞ ከኋላ ያለውን የጥንዶች ፎቶ የፈለገች መስሎት ፎቶውን ይገዛላታል። ፊቷ ሲጠቁር «ቆይ» ብሎ ትንሽዬ ሳጥን ያወጣል፣ የቀለበት የምትመስል። ተስፋዋ ይመለሳል። ስትከፍተው የፎቶው መስቀያ ሜንጦ ናት።

እሱ፦ እያለቀሰች ትወጣለች። እሱ ግን ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ከልቡ ደስ ሊያሰኛት ነበር የሞከረው። እሺ፣ እዚህ ላይ ክፉ ነው ያልኩትን ትንሽ ላላ ላድርገው። ብትጠይቀው ይሻላት ነበር፣ ቢጠይቃትም።

እሷ፦ ሁለቱም አልጠየቁም። ማቲልዳ ዚግለር ናት የተጫወተችው፣ ያለ ብዙ ቃል፣ እንዴት አድርጋ! ከቢን ጎን ቆሞ መታየት ቀላል አይደለም።

እሱ፦ በይ እንዝጋ፣ ሰዓታችን ሄደ። ልጆች ያሏቸው አድማጮች ከየቱ ይጀምሩ?

እሷ፦ ልጆች ከጥርስ ሐኪሙ ይጀምሩ። አርፍዶ ተነስቶ፣ መኪና እየነዳ ልብሱን ይለብሳል፣ ጥርሱንም እየነዳ ይቦርሻል። ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ዋስ ነኝ። ትልቆች ከምግብ ቤቱ።

እሱ፦ ከምሳ በፊት ግን አይደለም።

እሷ፦ ለምን? ክትፎ ያስምራል እኮ!