የቮልስ ቀላል መኪና በደሴ ዳገት፦ ከሞተር በፊት ኪሎ

[ምስል፦ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የደሴ ከተማ። ከዚያ ጣሪያ የሌላት፣ ዝቅ ያለች፣ የቮልስ ሞተር ከኋላዋ የሚታይ ትንሽ መኪና።]

ደሴ ላይ ጋራዥ የሚውል ሰው ይህን ሳይሰማ አይመሽበትም፦ «ዳገት ላይ አልጎትት አለችኝ።» ካንዴላ ይቀየራል። ካርቡራተር ይታጠባል። የነዳጅ ማጣሪያ አዲስ ይገባል። መኪናዋ ግን ያው ናት። ምክንያቱም ትልቁ ችግር ሞተሩ ውስጥ የለም፤ አየሩ ላይ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚበላው፤ አየርም ይስባል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ አብሮ ይወርዳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ የቮልስ 1300 ሞተር ደሴ ፒያሳ ሲደርስ 30 አካባቢ ይቀረዋል።

አሁን ሒሳቡን እዩልኝ።

[ምስል፦ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር። 800 ÷ 40 = 20። 600 ÷ 30 = 20።]

ሙሉ ቮልስ ወደ 800 ኪሎ ትመዝናለች። ጅቡቲ ላይ አንዱ የፈረስ ጉልበት 20 ኪሎ ይደርሰዋል። ደሴ ላይ ያው አንዱ 27 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። 200 ኪሎ ብንቀንስላትስ? 600 ለ30 ሲካፈል ተመልሶ 20። ከፍታው የወሰደውን በኪሎ አስመለስን። ቱርቦ አልገዛን፣ ትልቅ ሞተር አልፈለግን። በወሎ ዳገት ከሞተር በፊት ክብደት ይነካ የምለው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዝ አገር የሎተስ ኩባንያ መሥራች ኮሊን ቻፕማን በ1957 እ.ኤ.አ. ሎተስ ሰቨን የተባለችውን ትንሽ የስፖርት መኪና ሲያወጣ መኪናዋ ወደ 500 ኪሎ ብቻ ነበረች። ዕቃዋ ሳይገጣጠም ይሸጥ ነበር፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ይገጥማታል። ያኔ ተገጣጥማ ከተሸጠች ታክስ ነበረባት፤ ዕቃው ለብቻው ሲሸጥ ግን ያ ታክስ አይነካውም ነበር። ይህ ለእኛ አገር ሰው ቶሎ የሚገባ ምክንያት ነው። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ኬተርሃም የሚባል ኩባንያ መብቱን ይዞ እስካሁን ይሠራታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ብሩስ ሜየርስ በ1964 የፋይበር ግላስ ቦዲ ሠርቶ የቮልስ ዕቃ ገጠመበት። በኋላ የቮልስን ወለል 36 ሳንቲ ሜትር ያህል አሳጥሮ ፋይበሩን ከላይ መጫን ተለመደ። ለእኛ የሚቀርበው ይኼኛው ነው። የቮልስን ነገር በእጁ የሚያውቅ መካኒክ እዚሁ ታገኛላችሁ።

መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ ወለሉ መሃል ከፍ ብሎ በሚያልፈው ብረት ላይ ነው የተመታው። እንዳይነካ። ቦዲ ልትቀይሩ ማሰባችሁንም አስቀድማችሁ ለሚመለከተው የትራንስፖርት ቢሮ ንገሩ። ያን ሁሉ ለፍቶ ቦሎ መከልከል ያሳዝናል።

[ምስል፦ መኪናዋ ከኋላ። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ግርጌያቸው ወደ ውስጥ ገብቶ።]

ኪሎ ስትቀንሱ መጀመሪያ የሚበላሸው ይኼ ነው። እዩት። የኋላዋ ከፍ ብሏል። የጎማዎቹ ግርጌ ወደ ውስጥ ገብቷል። የድሮው ቮልስ የኋላ አክስል ሲወዛወዝ ጎማውንም ይዞት ይዘማል። የቶርሽን ባሩ ዘንግ፣ ማለትም እንደ ሞላ እየተጠመዘዘ መኪናዋን የሚሸከመው ብረት፣ 800 ኪሎ እንዲሸከም ነው የተስተካከለው። እናንተ 600 ሰጣችሁት፤ ስለዚህ ወደ ላይ ይገፋል። እንዲህ ሆና ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብታችሁ ድንገት ቤንዚን ብትለቁ፣ የውጪኛው ጎማ ጭራሽ ወደ ሥር ይታጠፋል፤ መኪናዋም ትገለበጣለች። በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

መድኃኒቱ ዘንጉ ላይ ነው ያለው፤ ትንሽ አዙሮ የኋላዋን ዝቅ ማድረግ።

[ምስል፦ ዘንጉ በቅርብ። ጫፎቹ ላይ ጥርሶች።]

ጫፎቹን ቁጠሩ። በውስጥ በኩል 40 ጥርስ፣ በውጪ በኩል 44። ውስጡን አንድ ጥርስ ስታዞሩ 9 ዲግሪ ይሄዳል። ውጪውን አንድ ጥርስ ስትመልሱ 8 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ። ልዩነቱ 50 የዲግሪ ደቂቃ፣ ማለትም ከ1 ዲግሪ በታች ነው። ይህን ያሰበ ኢንጂነር በጣም ደስ ይለኛል፤ በሁለት ጥርስ ብቻ እንዲህ ያለ ረቂቅ ማስተካከያ ሰጥቶናል። ከመፍታታችሁ በፊት የነበረበትን ቦታ በቀለም አስምሩ። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ዘንጉ ተወጥሮ ነው የተቀመጠው፤ ስለዚህ ሲፈታ በክሪክ ተደግፎ፣ ቀስ ተብሎ፣ እጅና ፊት ከፊቱ ርቆ ነው።

ጎማ ላይ ብዙ አልቆይም። ጎሚስታ ጋ ዝም ካላችሁ ለአራቱም 30 ፒ.ኤስ.አይ. ነፋስ ሊሞላላችሁ ይችላል። ሙሉዋ ቮልስ እንኳ በድሮ ጎማዋ ፊት 16፣ ኋላ 24 ነበር የሚባልላት። ቀላሏ ላይ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ትነጥራለች እንጂ መንገድ አትይዝም። ባትሪውን ከኋላ ወንበር ሥር አውጥታችሁ ወደ ፊት ብትወስዱትም ጥሩ ነው፤ ፊቷ በጣም ስለሚቀልላት።

[ምስል፦ ሞተሩ። በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎች።]

እነዚህን ላሜራዎች አትጣሉ። ሞተሩ በደንብ ይታይ ብለው የሚያወልቋቸው አሉ። ይህ ሞተር ውሃ የለውም። የሚያቀዘቅዘው ከማራገቢያው የሚመጣው ነፋስ ነው፤ ነፋሱን ሲሊንደር ድረስ የሚመሩት ደግሞ እነዚህ ላሜራዎች ናቸው። ዙሪያውን ያለው ጎሚኒም ተቀዶ ከሆነ ቀይሩት፤ አለዚያ ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይሳባል። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር ነው የሚያስፈራው። በብዙዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ቆሞ ነፋሱን ስለሚከልለው ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። ቺንጋ ከተበጠሰ ማራገቢያው ይቆማል፤ ቀይ መብራት ስታዩ እዚያው አጥፉ። ትርፍ ቺንጋ ይዛችሁ ሂዱ። የቤንዚን ቱቦውንም እዩ። ተሰነጣጥቆ ከሆነ ዛሬውኑ ይቀየር፤ ትኩስ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን እሳት ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፤ ቫልቭ፣ ፑንቲና (ለካንዴላው ኤሌክትሪኩን የሚቆራርጠው)፣ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት)፣ መጨረሻ ላይ ካርቡራተር። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ነው፤ የደሴ ማለዳ ለዚህ ይመቻል። ለብዙዎቹ 0.15 ሚሊ ሜትር። የፑንቲና ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር። ፑንቲና ሲነካ ታይሚንግ አብሮ ይዛነፋል፤ ስለዚህ ታይሚንግ ከሱ በኋላ ይመጣል። በሳሳ አየር እሳቱ ዘግይቶ ስለሚስፋፋ ደሴ ላይ ከፋብሪካው ልክ 2 ዲግሪ ያህል ቢቀድም ይስማማዋል። ወደ ቆላ ስትወርዱ ግን መልሱት።

[ምስል፦ መዳፍ ላይ ሁለት የናስ ጄቶች። አንዷ 125፣ ሌላዋ 117.5 የሚል ተጽፎባታል።]

ካርቡራተር ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ይህች ትንሽ ናስ ጄት ናት። ቤንዚን የሚያልፈው መሃሏ ባለው ቀዳዳ ነው። 125 ማለት የቀዳዳው ስፋት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ድብልቁ በ13 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላ የሚጠቁረው፣ ማርሚታ ጥቁር የሚተፋው፣ ሚኒሞ ላይ የምትንገዳገደው በዚህ ነው። ጄቷን በ6 በመቶ ብታጠቡ ይስተካከላል። 125 ከነበረች ለደሴ 117.5 ገደማ።

ግን የወሎ መንገድ ደሴ ላይ አያልቅም። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ ልኩ 120 ነው። በባቲ አድርጋችሁ ሚሌ ከወረዳችሁ ከ600 ሜትር በታች ናችሁ፤ ሙቀቱ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በ117.5 ሚሌ ብትሄዱ ቤንዚን ያንሳታል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቤንዚን ሲያንሰው ይግላል፤ ፒስተን ይቀልጣል። ቤንዚን ሲበዛ የምትከፍሉት የነዳጅ ዋጋ ነው፤ ሲያንስ የምትከፍሉት ሞተር ነው። ስለዚህ ጄት የሚመረጠው በመንገዳችሁ ላይ ላለው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ 120 ትግባ። አፋር ለሚወርድ 125ዋ ኪስ ውስጥ ትኑር፤ ባቲ ላይ ቆሞ መቀየር ብዙ ሰዓት አይፈጅም።

[ምስል፦ የሐረጎ ጠመዝማዛ፣ ጉም በከፊል ሸፍኖት።]

ስለ ፍሬን። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ 600 ሜትር ያህል ነው የምትወርዱት። ያንን ሁሉ ፍሬን ብቻውን ከያዘው ወደ ሙቀት ነው የሚቀየረው። 600 ኪሎ ከ800 በሩብ ያነሰ ሙቀት ይፈጥራል፤ ክብደት መቀነስ እዚህም ይክሳችኋል። ቢሆንም የድሮ ቮልስ በአራቱም ጎማ ድራም ፍሬን ነው፤ ሲግል መያዙ ይቀንሳል። ልትወጡት በምትችሉበት ማርሽ ውረዱ። የፍሬን ሸራውን በማስተካከያው ጥርስ እስኪነካ አጥብቁ፣ ከዚያ 2 ወይም 3 ጥርስ መልሱ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባው ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። በ2 ዓመት አንዴ ይቀየር። ፊቷ ስለሚቀል የፊት ጎማዎች ኮረት ላይ ቶሎ ይነከሳሉ፤ ፔዳሉን ቀስ እያላችሁ ርገጡ።

ሁሉን ከጨረሳችሁ መሞከሪያውም ሐረጎ ነው። ጠዋት፣ መኪና ሳይበዛ፣ ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ። ከኮምቦልቻ በኩል በሦስተኛ ማርሽ ውጡ። ዳገቱ ላይ ዳር መያዣ ሰፊ ቦታ ስታገኙ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሞተሩን አጥፉና ቁሙ። ሚኒሞ ላይ እንዳታቆዩት፤ ቀለሙ ይቀየራል። ጓንት አድርጋችሁ የሦስተኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፍቱ። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ አብሽሩ፣ ሞተሩ አልተጎዳም። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ናችሁ። ከነጣ ግን በዚያው ጄት ወደ ቆላ አትቀጥሉ፤ ትልቋን መልሱና ዳገቱን እንደገና ውጡት።