ክፍል 2 ሰይፉን ለምን አስጣለን?

የተከበራችሁ የጌም ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ርዕስ «አክሽን ጌሞችና ተከታዮቻቸው» ነው። ርዕሱ ሰፊ ቢሆንም እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ለመናገር ነው። አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ክርክራችን ያው ነው፦ ግራፊክሱ ጠራ፣ ከተማው ሰፋ፣ ቦሱ (ዋናው ትልቅ ጠላት) ገዘፈ። ጆይስቲክ የያዘው እጅ ምን እየሠራ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተከታይ መለካት ያለበት በዚያ ነው። ማስረጃዬም ሁላችን የምናውቀው፣ ዳንቴ የተባለው ጀግና በሰይፍና በሽጉጥ አጋንንትን የሚዋጋበት ዴቪል ሜይ ክራይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሌላ ጌም ነው። የጌም ሠሪው ካፕኮም ውስጥ ኦኒሙሻ የተባለ ሌላ የሰይፍ ጌም ሲሞከር አንድ ስህተት ተገኘ፤ ጠላትን በሰይፍ እየደጋገሙ በመምታት አየር ላይ ማቆየት ይቻል ነበር። ሌላ ሰው ቢያየው አርሞት ያልፍ ነበር። ዳይሬክተሩ ሂዴኪ ካሚያ ግን ያንን ስህተት ወስዶ የ2001ዱ ዴቪል ሜይ ክራይ መሠረት አደረገው። ጌሙ ራሱ ሲጀመር የካፕኮም አስፈሪ ጌም ተከታይ፣ ሬዚደንት ኢቭል 4፣ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ጠላትን በሰይፍ ወደ ላይ ታነሱታላችሁ፣ ሳይወድቅ በሽጉጥ ትይዙታላችሁ። ልብ በሉ፤ ሽጉጡ እዚህ ሥራው መግደል አይደለም፣ ሰይፉ እስኪደርስ መደገፍ ነው። ምቱን ካቋረጣችሁ የስታይሉ ደረጃ፣ ማለትም ጌሙ ለውጊያችሁ ውበት የሚሰጠው ነጥብ፣ አይወጣም፤ ከተመታችሁ ይወርዳል። ስለዚህ እጃችሁ ዝም ማለት አይችልም።

በ2003 ክፍል 2 መጣ። ካሚያ አልነበረበትም፤ አዲሱ ዳይሬክተር ሂዴአኪ ኢትሱኖም የተረከበው ሥራው ብዙ ከተጓዘ በኋላ ነው። ዲስኩ ሁለት ሆነ፣ አንዱ የዳንቴ፣ አንዱ የአዲሷ ተዋጊ የሉሲያ። መንገዱ ሰፋ፣ ካሜራው ራቀ፣ ሽጉጡ በረታ። የጠላቶቹ ጥቃት ደግሞ ለዘዘ። ከጋኔን ሄሊኮፕተር ጋር ትገጥማላችሁ ሲባል ልብ ይሞቃል። ውጊያውን ግን እዩት፦ ራቅ ብላችሁ ትቆማላችሁ፣ ባለ አራት ማዕዘኑን የመተኮሻ በተን ትደጋግማላችሁ፣ ሲተኮስባችሁ ተገልብጣችሁ ትሸሻላችሁ፣ ተነስታችሁ ያንኑ በተን ትደጋግማላችሁ። የቦሱ ሕይወት እስኪያልቅ ይኸው ነው። ለመቅረብ የሚያስገድድ ምንም የለም። ሰይፎቹም ሪቤሊየን፣ መርሲለስ፣ ቬንዴታ ተብለው ሦስት ስም ቢኖራቸው ምታቸው አንድ ነው!

«ክፍል 2 የተጠላው ስለቀለለ ነው» የሚሉ አሉ። አልቀበልም! ቀላል ጌም ሊያስደስት ይችላል። ይኼኛው ጥፋቱ ክፍል 1 ያስተማረንን ሁሉ ዋጋ ማሳጣቱ ነው። ጎበዙም ጀማሪውም እኩል ቆመው ይተኩሳሉ። ይህን ሁለት ዲስክ አይክሰውም፣ የሰፋ ከተማም አይክሰውም!

ኢትሱኖ ራሱ በ2005 በክፍል 3 እንዴት እንዳስተካከለው ተመልከቱ። የበተኑን ሥራ ነው የቀየረው። የክቧ በተን ሥራ እንደምትመርጡት ስታይል (የውጊያ ዘይቤ) ይለያያል፦ ትሪክስተር ለመሸሽና ለመቅረብ፣ ሶርድማስተር ለሰይፍ፣ ገንስሊንገር ለሽጉጥ፣ ሮያልጋርድ ለመመከት። ሮያልጋርድ ላይ ምቱ በሚያርፍባት ቅጽበት የጫነ ጉዳት አይነካውም፣ ኃይልም ያጠራቅማል። የቸኮለ ተራ መከላከል ብቻ ያገኛል፣ የዘገየ ይመታል። መሣሪያዎቹም እውነተኛ ልዩነት አላቸው። የሰርቤረስ ሰንሰለት ፈጣን ነው፤ የቤዎውልፍ ጓንት ደግሞ ቀርባችሁ በቡጢና በእርግጫ እንድትመቱ ያስገድዳል።

አየር ላይ የመቆየቱን ዘዴ ደግሞ እንዲህ ተለማመዱት። አር 1 ይዛችሁ፣ ስቲኩን ከጠላት በተቃራኒ ስባችሁ ትሪያንግሉን (የሰይፉን በተን) ሳትለቁ ተጫኑ፤ ዳንቴ ጠላቱን ይዞ ይወጣል። አየር ላይ ምቱት፣ ገላችሁ ገላውን ሲነካ ኤክስን (የመዝለያውን በተን) ተጫኑ። ዳንቴ ጠላቱን ረግጦ ይነሳል፣ ጀምሮት የነበረው ምት ይቋረጣል፣ እንደ አዲስ ትመታላችሁ። የሚበላሸው ርቀቱ ላይ ነው። ትንሽ ከራቃችሁ መርገጡ ይቀራል፤ ኤር ሃይክን (አየር ላይ ዳግም የመዝለል ችሎታን) የገዛችሁ ከሆነ ደግሞ ባዶ አየር ላይ ትዘልላላችሁ፣ ጠላቱም ይወድቃል።

ክፍል 3 ጥፋት አልነበረበትም አልልም። የአሜሪካው ቅጂ «ኖርማል» (መካከለኛ) ያለው የጃፓኑን «ሀርድ» (ከባድ) ነበር። ተጫዋቹ ገና ሦስተኛው ሚሽን ላይ፣ ሰርቤረስ የተባለው ቦስ ፊት፣ ያልመረጠውን ክብደት ተሸከመ። ክብደቱን የመረጠ ይክበድበት፤ ስም ለውጦ መሸጥ ግን ተጫዋቹን መናቅ ነው! በ2006 የወጣው ስፔሻል ኤዲሽን አስተካከለው፣ የዳንቴን ወንድም ቨርጅልንም አስጫወተን።

ስለ ክፍል 4 ባጭሩ። ስታይል መሃል ውጊያ ላይ መቀየር አስቻለ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከ12ኛው ሚሽን ጀምሮ ዳንቴን አዲሱ ጀግና ኔሮ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ መለሰው፣ ያሸነፍናቸውን ቦሶችም ደገመብን። ታሪኩን እንደ አዲስ የጀመረው የ2013ቱ ዲኤምሲ በኮንሶል በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ሆኖ አንዳንድ ጠላቶችን በቀለም ከፋፈለ፤ ቀዩን በቀይ መሣሪያ፣ ሰማያዊውን በሰማያዊ ካልመታችሁ አይነካም። የመረጣችሁትን ምት አቋርጦ የራሱን ያዛችኋል። የ2019ኙ ክፍል 5 ይህን ሁሉ ትቶ ወደ እጅ ተመለሰ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ60 ፍሬም አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፣ በ30 ግን 33.3። ቴሌቪዥናችሁ ምስል ለማሳመር ብሎ ከዚያ በላይ ካዘገየ ሮያልጋርድን አትማሩም፤ «ጌም ሞድ»ን ክፈቱ።

በስተቀኝ ባለው ስክሪን ክፍል 3 ተከፍቷል፣ ሮያልጋርድ ተመርጧል። ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ። ሽጉጥ አይፈቀድም።