የሦስተኛ ፎቁ ቁምሳጥን ይከፈት

የተከበራችሁ መምህራኖቼና የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወላጆች፤ እንኳን ለዓመታዊው የፕሮጀክት ቀናችን በሰላም አደረሳችሁ።

ስለ ገመድ አልባ ኔትዎርክ 20 ደቂቃ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። እናገራለሁ። ግን ከመነሻው ልንገራችሁ፤ የመጣሁት ስለ አንድ ቁምሳጥን ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላብ ውስጥ፣ መስኮቱ ጥግ ያለው ግራጫው የብረት ቁምሳጥን። እዚህ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች በሙሉ ታውቁታላችሁ። ጃኬታችሁን ሰቅላችሁበታል። ውስጡን ያየ ግን ጥቂት ነው። 12 ትንንሽ ራውተሮች፣ ማለትም መልእክት ተቀብለው የሚያሳልፉ የኔትዎርክ ሳጥኖች፣ አሉበት። አንቴናቸውም ቻርጀራቸውም ከነካርቶኑ። ከመጡ አራት ዓመት ሆናቸው።

እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ወላጆች ስላላችሁ፣ ልጆቻችሁ ዛሬ ውጪ ኮሪደሩ ላይ በለጠፉት ፖስተር ላይ ‹ማኔት› የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ።

አጠገባችሁ ለተቀመጠ ሰው ስልክ ብትደውሉ፣ ድምፃችሁ ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ አይሄድም። መጀመሪያ ታወሩ ጋ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ቴሌ ማዕከል ይገባል፣ ተመልሶ ወደ ታወር ይወጣል፣ ከዚያ ጎረቤታችሁ ጆሮ ይደርሳል። ታወሩ መብራት ካጣና የመጠባበቂያ ባትሪው ካለቀ፣ አንድ ሜትር ተራርቃችሁም ሁለቱ ስልኮች ድዳ ይሆናሉ። ሁለቱም ውስጥ ግን ጤነኛ ሬዲዮ አለ። ሞባይል አድ ሆክ ኔትዎርክ፣ ባጭሩ ማኔት፣ ያለ ታወር በዚያ ሬዲዮ እርስ በርስ መነጋገር ነው።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። እረኛ ሸለቆ ማዶ ላለ ሰው መልእክት መላክ ሲፈልግ ድምፁ እዚያ ድረስ አይደርስለትም። ስለዚህ መሃል ጋራ ላይ ላለው ይጣራል። ያ ሰው ለቀጣዩ ይጣራል። ቀጣዩ ያደርሳል። እያንዳንዱ እረኛ ለራሱ ይናገራል፣ የሌላውንም ያሳልፋል። ማኔት ውስጥም እያንዳንዱ ስልክ ስልክም ነው፣ ራውተርም ነው።

ችግሩ እረኛ አንድ ቦታ አይቆምም። ቅድም መሃል ላይ የነበረው አሁን ከብት ሊያጠጣ ወንዝ ወርዷል። ታዲያ መንገዱን እንዴት ታገኙታላችሁ? ሁለት ዋና ዘዴ አለ። አንደኛው፣ ሁሉም በየጊዜው ማንን እንደሚያይ ይናገራል። መልእክት ሲመጣ መንገዱ አስቀድሞ ታውቋል። ኦኤልኤስአር የሚባለው ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመነጋገሪያ ደንብ፣ በዚህ ይሠራል። ግን ሁልጊዜ ማውራት ባትሪ ይበላል፣ አየሩንም ያጣብባል። ሁለተኛው፣ ጉዳይ እስኪመጣ ዝም ይባላል። ሲመጣ ‹እገሌን ያያችሁ!› የሚል ጥሪ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዛመታል፤ መልሱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ኤኦዲቪ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው መልእክት ይዘገያል እንጂ ትንፋሽ ይቆጥባል። ሁለቱም መመሪያቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው ነው። ሁለት እረኞች ከአንድ ኮረብታ ወዲህና ወዲያ ቆመዋል እንበል። አንዱ ሌላውን አያይም፣ አይሰማም። ሁለቱም ግን ጫፉ ላይ ያለውን ሦስተኛ ሰው ይጣራሉ። በአንድ ጊዜ ከተጣሩ እሱ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው። ሁለቱ ደግሞ ጥፋታቸውን አያውቁትም። ቶባጊና ክላይንሮክ የተባሉ ሰዎች ይህን ‹የተደበቀ ተርሚናል› ብለው እ.ኤ.አ. በ1975 ተንትነውታል። መፍትሔ ሆኖ የመጣው ፈቃድ መጠየቅ ነው። ልናገር ትላለህ፣ ጫፍ ላይ ያለው ተናገር ይልሃል፣ ያንን የሰማ ሁሉ ዝም ይላል። ዛሬም ዋይፋይ ውስጥ አለ።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም የሆነው ዳርፓ የፓኬት ሬዲዮ ሥራውን፣ ማለትም መረጃን በቁራጭ በቁራጭ (በፓኬት) በሬዲዮ መላክን፣ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ቫን መኪና ሬዲዮ ጭኖ አንድ ቢራ ቤት ደጃፍ ቆመ። ኮምፒውተሩን ውጪ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ሆነው ሳምንታዊ ሪፖርታቸውን በሬዲዮና የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት አሳልፈው ላኩ። ጠረጴዛው ላይ! ላብ ውስጥ አይደለም። እንግዲህ ወደ ንዴቴ ገባሁ።

የማስተርስ መመረቂያዬን የሠራሁት በማኔት ላይ ነው። ኤንኤስ-2 የተባለውን ሲሙሌተር፣ ኔትዎርክን ኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም፣ ጭኜ፣ 50 ኖድ (የምናብ ስልክ በሉት) በትኜ፣ ፕሮቶኮሎች አወዳደርኩ። ግራፉ ያምር ነበር። ዲፌንሱ ላይ ተጨበጨበልኝ። ‹ሬዲዮ ነክተሽ ታውቂያለሽ?› ያለኝ ፈታኝ ግን አልነበረም።

ያ ግራፍ የወጣበትን ዓለም ልንገራችሁ። ሜዳው 1500 በ300 ሜትር ነው። ዛፍ የለበትም፣ ግድግዳ የለበትም፣ አይዘንብበትም። ኖዱ በዘፈቀደ አንድ ቦታ ይመርጣል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ያርፋል፣ ሌላ ይመርጣል። ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 20 ሜትር ይደርሳል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የሬዲዮው ክልል 250 ሜትር ድፍን ክብ ነው። እዚያ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አንድ እርምጃ ብታልፉ ምንም የለም። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ፕሮቶኮሎችን ያወዳደሩበት ነው። ዓለም ቀዳው። እኛም ቀዳን፣ እስከ ዛሬም እንቀዳለን።

ያልቀዳነውን ግን ስሙ። ከእነዚያው ሰዎች አንዳንዶቹ በዓመቱ ሬዲዮዎቻቸውን መኪና ላይ ጭነው ወጥተዋል። አምስት መኪና እየነዱ ኔትዎርኩ እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚቀጠል አይተው ጽፈዋል። ግራፋቸውን ወሰድን፣ መኪናቸውን ተውን።

እኔ ሬዲዮ የነካሁት ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። የነካሁትም በተማሪዎቼ ምክንያት ነው። ክረምት ላይ አራት ልጆች ቢሮዬ መጡ። ከመርካቶ አምስት ያገለገሉ ራውተሮች በኪሳቸው ገንዘብ ገዝተዋል። ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር ጭነውባቸዋል። ‹መምህር፣ ከግቢው ጀርባ ሸለቆው ውስጥ ልንሞክር ነው፣ ይምጡ› አሉኝ። ሄድኩ። ራውተሮቹን በገመድ ባሕር ዛፍ ላይ አሰሩ። የሞተር ሳይክል ባትሪ ከሥራቸው አደረጉ። ዝናብ ቢመጣ ብለው በፌስታል ጠቀለሏቸው። የዛፎቹ ባለቤት መጡና ‹ዛፌ ላይ ምንድነው የምታስሩት?› አሉ። አስረዳናቸው። ተቀምጠው ያዩን ጀመር።

አምስቱ ተሰልፈው ተገናኙ። ከጫፍ ጫፍ ፒንግ አደረግን፣ ማለትም ‹አለህ?› ብለን ጠየቅን፣ መለሰ። ልጆቹ ተቃቀፉ። ከዚያ አንድ ፎቶ ላክን። አልሄደም። ደግመን ላክን። አልሄደም። ኮምፒውተሩ ላይ መንገዱ አለ ይላል። ጎረቤት ነኝ የሚለው ሰላምታ በየሰከንዱ ይደርሳል። ፎቶው ግን የለም። ባትሪ ቀየርን። ኬብል ቀየርን። ላፕቶፕ ቀየርን። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆንን። ከአራቱ አንዷ ዝም ብላ ስክሪኑን ስታይ ቆይታ፣ ‹መምህር፣ ሰላምታው ይደርሳል፣ ዕቃው አይደርስም› አለችኝ።

አገኘችው። ሰላምታው አጭር ነው፤ የሚላከውም በዝቅተኛው ፍጥነት ነው። ስለዚህ ሩቅ ይደርሳል። የፎቶው ፓኬት ግን ትልቅ ነው፤ በከፍተኛ ፍጥነት ነው የሚላከው። ያን ያህል ሩቅ አይደርስም። ፕሮቶኮሉን ደግሞ ያዘዝነው አጭሩን መንገድ፣ ጥቂት እርከን ያለውን እንዲመርጥ ነው። ጥቂት እርከን ማለት ረጅም ዝላይ ማለት ነው። ስለዚህ አጠገቡ ያለውን ብርቱ ጎረቤት ይዘልና ሩቅ ያለውን፣ ሰላም ከማለት በቀር የማይችለውን ይይዛል። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይህንኑ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2002 ‹ግራጫ ቀጠና› ብለው ጽፈውታል። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ በዓመቱ፣ አንድ ፓኬት ለማድረስ ስንት ጊዜ መላክ እንደሚያስፈልግ እየለኩ መንገድ መምረጥን አቀረቡ። እኔ ሁለቱንም አንብቤአቸው ነበር። ፈተና ላይም አውጥቻቸዋለሁ። የገቡኝ ግን ያን ቀን፣ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነው።

ከሰዓት ዘነበ። የረጠበ ቅጠል የዋይፋይ ሞገድ ይጠጣል። መሃል ላይ ያለው ተቆረጠ። ልጆቹ ራውተሩን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርጉ፣ ባለቤቱ ተነሡና ‹ከዚህ አይሰማም። ከዚያች ድንጋይ ላይ ነው ሰው የሚጣራው› ብለው አሳዩን። ወሰድነው። ፎቶው ሄደ።

አሁን ቁምሳጥኑ።

በዓመቱ እኒያ 12 ራውተሮች መጡ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ‹ተማሪዎች ይዘው ይውጡ› ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሱ፣ ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ወጪ ቅጽ ላይ ስሙን የሚያሰፍር አንድ ሰው ይምጣ፣ አንዱ ቢጠፋ ከደመወዙ ይቆረጣል የሚል ነበር። እሺ፣ እኔ ልፈርም አልኩ። አንድ መምህር ይህን ሁሉ ንብረት መያዝ አይችልም ተባልኩ። ሁለተኛ ጻፍኩ። ሦስተኛ ጻፍኩ። በመጨረሻ ‹ለላብ አገልግሎት ብቻ› የሚል ተጽፎበት ተመለሰልኝ።

ለላብ ብቻ! ላብ ውስጥ አሥራ ሁለቱም ራውተር አሥራ አንዱን ጓደኞቹን ይሰማል። ሁሉም ለሁሉም ጎረቤት ነው። መንገድ መፈለግ የለም፣ ማሳለፍ የለም፣ መቆረጥ የለም። አንድ ክፍል ውስጥ የተሰበሰበ ማኔት ማኔት አይደለም። ዋና እያስተማርን ወንዝ መውረድ ከለከልን ማለት ነው።

ሁላችሁም ‹ጋሼ› የምትሉት የላባችን ቴክኒሺያን ቁልፉን በአንገታቸው ይዘው ይዞራሉ። እሳቸውን አልወቅስም። እሳቸውም ቢጠፋ የሚከፍሉት ናቸው። የምወቅሰው ይህን ሥርዓት ነው። ዕቃ ተጠቅመንበት ከሚሰበር ሳንነካው ቢያረጅ ይሻላል የሚል ሥርዓት። ራውተር እንደ ወይን ጠጅ በመቀመጥ አይጣፍጥም! አራት ዓመት ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ራውተር ጠፍቷል። ደህና አድርጎ ጠፍቷል። በዚያ አራት ዓመት የተመረቁት ልጆች ደግሞ የማይመለሱ ናቸው። ለእነሱ ማን ይከፍላል? ከማን ደመወዝ ይቆረጣል?

ለምን ይህን ያህል ያንገበግብሻል የሚለኝ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲ በርዕደ መሬት ስትመታ ስልኩ ወደቀ። ያን ያየ የአውስትራሊያው ፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ፣ ፖል ጋርድነር-ስቲቨን፣ ሰርቫል የተባለውን ፕሮጀክት ጀመረ። ስልኮች ያለ ታወር እንዲደዋወሉ ነው። የት ሞከረው? በዚያው ዓመት ታወር የሌለበት በረሃ ወርዶ። እኛ ታወር የማይደርስበት ቦታ ለማግኘት በረሃ መውረድ አያስፈልገንም።

ደግሞ አረንጓዴና ነጭ የሆኑትን ትንንሽ የልጆች ላፕቶፖች ታስታውሳላችሁ፤ አገራችን ትምህርት ቤቶችም ገብተው ነበር። የመጀመሪያዎቹ እርስ በርስ የሚገናኝ ሜሽ ይዘው ነው የመጡት። ብዙ ላፕቶፕ አንድ ክፍል ውስጥ ሲበራ ግን የኔትዎርኩ የራሱ ወሬ አየሩን ይሞላው ነበር። ይህም ወረቀት ላይ አልታየም፤ ክፍል ውስጥ ነው የታየው።

የቀሩትን ችግሮች ቶሎ ቶሎ ልለፍ። አንድ ቻናል ላይ በሰንሰለት የሚተላለፍ መልእክት በየእርከኑ አቅሙ ይቀንሳል፤ ጎረቤቶች በአንድ ጊዜ መናገር አይችሉምና። ጉፕታና ኩማር እ.ኤ.አ. በ2000 በሒሳብ እንዳሳዩት፣ ሰው በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። ደኅንነትም አለ፤ መሃል ያለው ስልክ አሳልፋለሁ ብሎ ቢጥለው ወይም ቢያነበውስ? ባትሪም አለ፤ የማላውቀው ሰው መልእክት የእኔን ቻርጅ ለምን ይጨርሳል? ብዙዎቹ አንድሮይድ ስልኮችም ሩት ካልተደረጉ፣ ማለትም የአምራቹ ገደብ ካልተነሣላቸው፣ የዋይፋዩን አድ ሆክ አሠራር አይከፍቱም። እያንዳንዱ ለብቻው የመመረቂያ ርዕስ ነው። ርዕስ ያጣችሁ ተማሪዎች እኔ ጋ ኑ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊዎች እዚህ ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጣችኋል። ወላጆችም እየሰሙ ነው። የጠየቅኩት ገንዘብ አይደለም። አዲስ ዕቃም አይደለም። ሞዴል 22 ላይ የአንድ ሳይሆን የአሥር መምህራን ስም ይግባ፤ ከጠፋ አሥራችን እንክፈል። ዘጠኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ አሥረኛዋ እኔ ነኝ። ቅጹ ተሞልቶ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ከዚህ መድረክ ስወርድ አስረክባለሁ።

ተማሪዎች፣ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት የኋላ በር ላይ እንገናኝ። ቁምሳጥኑ ቢከፈትም ባይከፈትም እንወጣለን፤ አምስቱ የመርካቶ ራውተሮች አሁንም ይሠራሉ። ባትሪ ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። ቦቲ ያለው ቦቲ ያድርግ፣ ፌስታልም ያዙ።

አመሰግናለሁ።